ቀዩ ሶኬትና የእማ መሪማ አጥሚት

የምሥራች! አለፈ! እሰይ፣ በሦስተኛው አለፈ! ተቆጣጣሪዎቹ መጥተው፣ ግድግዳውን በመሣሪያቸው ለክተው፣ ሶኬቱን አንድ በአንድ ፈትሸው፣ የአልጋውን ብረት ሳይቀር ነካክተው፣ «ይኼ ክፍል በሽተኛ ይተኛበት» ብለው ፈርመው ሄዱ።

ምኑ ነው ያለፈው፣ የማን ነው የምሥራቹ ትሉኝ ይሆናል። እውነታችሁን ነው፤ ደስታ አስቸኩሎኝ ባለቤቱን ሳልናገር ጮህኩ። ያለፈው ከመርሳ ወጣ ብሎ፣ ትልቁ ሾላ ሥር፣ ሕዝቡ አዋጥቶ ያሠራው የሾላው ሆስፒታል የኦክስጅን ክፍል ነው። የምሥራቹ ደግሞ የአብዱልሐሊም ነው፤ የሆስፒታሉ የመብራት ሠራተኛ። እሱ ግን ሰው ሁሉ «እንኳን ደስ ያለህ» እያለ ሲፈልገው፣ ኮሪደሩ ጫፍ ካለው የመብራት ቦርድ ሥር ቁጭ ብሎ ያለቅስ ነበር። ለምን እንዳለቀሰ ለመናገር ከማንጎ መጀመር ሊኖርብኝ ነው።

አብዱልሐሊም የውርጌሳ ልጅ ነው። ሽቦ መዘርጋት ከአጎቱ ተማረና መርሳ ገባ፤ አዲስ ሱቅ ሲከፈት መብራቱን የሚያስገባው እሱ ሆነ። ዙልፋን ያገኛትም መሰላል ላይ ቆሞ ነው። ዙልፋ የግራና ልጅ፣ አውቶቡስ በቆመ ቁጥር ማንጎዋን በሳህን ከፍ አድርጋ ከመስኮት መስኮት የምትሮጥ፣ ሹፌሩን ሳይቀር በቀልድ የምታስቆም ነበረች። እሱ አንድ ጨርቃ ጨርቅ ቤት በር ላይ አምፖል ሲያስር ዓይኑ ወደ ታች ሸሸ፤ እጁም የማይነካውን ነካ። ከመሰላሉ ላይ ተወርውሮ አቧራው ላይ ዘፍ አለ።

ዙልፋ ሳህኗን አስቀምጣ ሳቀች። «አንተ ሰውዬ፣ የነዘረህ መብራቱ ነው ወይስ እኔ?»

«እንጃ» አላት መዳፉን እያሸ። «መብራቱን ላጥፋውና ልሞክረው።»

ኒካሕ ታሰረ። አማቱ እማ መሪማ ባላቸው ቀድሟቸው የሞተባቸው፣ ዙልፋን ብቻዋን ያሳደጉ፣ ፍቅራቸውን በአፍ ሳይሆን በድስት የሚናገሩ ሴት ናቸው። ያዘነም፣ ያመመውም፣ የተጣላም ሰው በእሳቸው ዘንድ መድኃኒቱ አንድ ነው፤ የሚያቃጥል አጥሚት። «በፔርሙስ የዋለ አጥሚት አጥሚት አይባልም፤ የታሰረ ነገር ይሸታል» ይላሉ።

ከሠርጉ ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ ክረምት ዙልፋን ሳል ያዛት። ብርድ ነው ሲባል ሰነበተና የሳንባ ምች ሆኖ ተገኘ። ሾላው ሆስፒታል ተኛች። ከአልጋዋ ራስጌ ሻንጣ የምታህል ማሽን ቆመችላት፤ ከክፍሉ አየር ላይ ኦክስጅን እየለየች በቀጭን ቱቦ ወደ አፍንጫዋ ትልክላታለች። ማሽኗ በመብራት ትኖራለች፤ ዙልፋ በማሽኗ። ቀስ በቀስም የፊቷ ቀለም ተመለሰ። ነገረኛነቷም ተመለሰ።

«ሂድ ወደ ሥራህ» አለችው ያን ቀን ጠዋት። «እንዲህ አፍጥጠህ ስታያት ማሽኗ ታፍራለች።»

ሄደ። ሲመለስ ብርቱካን እንዲያመጣላትም አዘዘችው።

ከቀትር በኋላ የጥየቃ ሰዓት ሆነ። እኛ አገር የታመመ ሰው በባዶ እጅ አይጠየቅም፤ ቀዝቃዛም አይቀርብለትም። ስለዚህ ጠያቂ ድስቱን ብቻ ሳይሆን ማሞቂያውንም ይዞ ነው የሚመጣው። ከቅርጫቱ ሥር ትንሿ የኤሌክትሪክ ምድጃ ትወጣለች፣ ከአልጋው ራስጌ ካለው ሶኬት ላይ ትሰካለች፣ ክፍሉ የአጥሚት ሽታ ይሸታል። ሁሉም ያደርገዋል። ነርሶቹም እናት ያላቸው ሰዎች ናቸውና አይተው እንዳላዩ ያልፋሉ።

የዚያ ክፍል ሶኬቶች ደግሞ ሁሉም፣ እንደ ሱቅ፣ በአንድ መስመር ላይ ታስረው ነበር። ከማዶ አልጋ አንድ ምድጃ ቀድሞ ተሰክቷል። እማ መሪማ ከግራና ያመጡትን ድስት ምድጃቸው ላይ ጣዱና ሰኩ። መስመሩ ሁለቱን ምድጃና ማሽኖቹን አንድ ላይ መሸከም አልቻለም፤ ኮሪደሩ ጫፍ ባለው ቦርድ ላይ ብሬከሩ ቀጭ ብሎ ወረደ። ሥራው ነው፤ ሸክም ሲበዛ ሽቦው እንዳይነድ መስመሩን ይቆርጣል። ማሽኗ ዝም አለች። መብራት ሲቋረጥባት የምትጮኽበት ባትሪ ነበራት፤ ባትሪው ግን ከሞተ ቆይቷል። ለክፉ ቀን የሚቀመጠው የኦክስጅን ሲሊንደርም ሊሞላ ደሴ ሄዷል።

አሁን ስሙኝ። መብራት ሲጠፋ እኛ ምን እናደርጋለን? እንጠብቃለን። ለምደነዋላ! ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሁሉ «ኤጭ፣ ሄደች» አለ። «ጄኔሬተሩ አሁን ይነሳል» አለ። ጊዜው ቀን ነው፤ ኮሪደሩ ላይ አምፖሉ እየበራ መሆኑን ልብ ያለ ሰው የለም። ጄኔሬተሩስ ምን ብሎ ይነሳል? ከሆስፒታሉ መብራት አልሄደም፤ የተቆረጠው ያ አንድ መስመር ብቻ ነው። ተረኛዋ ነርስ ሶስና የዙልፋ ከንፈር ሲጠቁር አየችና በረረች። የበረረችው ግን ወደ ጄኔሬተሩ ቤት ነው፤ ከሾላው ማዶ። ቤቱ ተቆልፏል። ቁልፍ ያዡን ፍለጋ ግቢውን ዞረች፤ እየጮኸች፣ ነጠላ ጫማዋ ከእግሯ እየወለቀ።

አብዱልሐሊም ብርቱካኑን ይዞ የደረሰው ያን ጊዜ ነው። የኮሪደሩን አምፖል አየ፤ የክፍሉን ጩኸት ሰማ፤ እግሩ ራሱ ወደ ቦርዱ ወሰደው። ብሬከሩን ወደ ላይ ሲያነሳው መልሶ ወረደ። ገብቶ ሁለቱን ምድጃዎች ነቀለ፤ ሮጦ ተመልሶ አነሳ። ማሽኗ ማጉረምረም ጀመረች። ዙልፋ ግን አልጀመረችም።

«አብዱ! ምን ሆና ነው? ምን ሆነ?» አሉ እማ መሪማ። ማንኪያው ከእጃቸው አልወረደም። አጥሚቱ ገና ለብ ማለቱ ነበር።

ምድጃውን አየ። ማንኪያውን አየ። ሁሉም ነገር አንዴ ገባው።

«መብራት ሄዶ ነው፣ እማ» አላቸው። ምድጃውንም በጋቢው ጠቅልሎ ከቅርጫቱ ሥር ከተተው።

በለቅሶው ላይ ሰው «ቀደር ነው፤ የአላህ ውሳኔ ነው» እያለ አጽናና። እማ መሪማ ግን የሚቆጡበት ሰው ፈለጉ። ሶስና ነጠላዋን አዘቅዝቃ ልትደርስ ስትመጣ በሰው ፊት ብድግ አሉ። «ጄኔሬተሩን አስነስተሽ ቢሆን ልጄ አትሞትም ነበር! ያ የጎተትሽው እግርሽ ይታሰር!» አሏት። አብዱልሐሊም እዚያው ነበር። አንድ ቃል አልወጣውም። ሶስና ብዙም ሳትቆይ ወደ ወልዲያ ተዛወረች፤ ነርስነቱን ትታ ካርድ ክፍል ገባች ተባለ። በመርሳ ስታልፍም ፊቷን ወደ ማዶው መስኮት ታዞራለች ይላሉ።

እሱ የሱቅ ሥራውን ትቶ ለሾላው ሆስፒታል የመብራት ሠራተኛ ሆኖ ተቀጠረ። ሰው «አበደ፤ ሚስቱ የሞተችበት ቤት ውስጥ ይውላል» አለ።

ከወልዲያ እየመጡ ሆስፒታሉን ከሚቆጣጠሩት አንዱ ብሩክ የሚባል ኢንጂነር ነው፤ ትዕግሥተኛ ሰው። አብዱልሐሊም የሚያውቀው የሱቅ መብራት እንጂ የሆስፒታል አልነበረም፤ ያስተማረው ብሩክ ነው። «እኔና አንተን ሲነዝረን እጃችንን እንሰበስባለን» አለው። «በሽተኛው ግን መርፌ ክንዱ ውስጥ፣ ሽቦ ደረቱ ላይ ተለጥፎበት፣ ላብ አጥምቆት ነው የተኛው። ወዴት ይሸሻል? እኛን ኮርኩሮ የሚያልፈን እሱን ይገድለዋል። የበሽተኛ ክፍል ደንብ የጠበቀው ለዚህ ነው።»

በመጀመሪያው ፍተሻ ክፍሉ ወደቀ። ሶኬቶቹ ያመለጠ መብራት ሰው ሳይመታ ወደ መሬት የምታወርደው ሦስተኛዋ የመሬት መስመር ቀዳዳ አለቻቸው፤ ከበስተኋላዋ ግን ሽቦ የለም። ለዓይን ብቻ ነበረች። አብዱልሐሊም ጓሮ ቆፈረ፣ የመዳብ ዘንግ ቀበረ፣ ከዚያ እስከ እያንዳንዱ አልጋ የመሬት ሽቦ ሳበ። ማሽኖቹንም ለብቻቸው መስመር አወጣላቸው፤ ሶኬታቸው ቀይ፣ ብሬከራቸው የየራሳቸው። መስመሩ ቢቋረጥ የምትጮኽ ደወልም ቦርዱ ላይ አሰረ። ለጠያቂው ደግሞ ከሾላው ሥር የማሞቂያ ቤት በቆርቆሮ ሠርቶ የራሱን መስመር አስገባለት።

የማሞቂያውን ቤት ማን ይጠቀምበት! «በሽተኛዬ እዚህ፣ ድስቴ እዚያ? ዘወር ስል ነፍሷ ብትወጣስ?» ይላሉ። ምድጃ ሲነቅልባቸው «የአጥሚት ፖሊስ መጣ!» እያሉ ይሳለቁበታል።

ሁለተኛው ፍተሻ መጣ። ሽቦው ሁሉ ደኅና ተገኘ። ከዚያ ብሩክ አንድ ቀይ ሶኬት ላይ የተሰካች ምድጃ አየ፤ በላይዋ ድስት እየተንተከተከ።

ምድጃዋ የእማ መሪማ ነበረች።

ልጃቸው ከሞተች ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ከግራና በባጃጅ ይመጡ ነበራ። ጠያቂ የሌለውን በሽተኛ ፈልገው ያጠጣሉ። «የዙልፋ ሶደቃ ነው» ይላሉ። ከቅርጫታቸው ሥር የምትወጣው ያችው ምድጃ ናት። ያችው! አብዱልሐሊም አንድ ጊዜ «ተቃጥላለች» ብሎ ሽቦዋን ቆርጦባቸው ነበር፤ በሳምንቱ ይዘዋት መጡ። «አንተ በመብራት ሠራተኛነት ደመወዝ ትበላለህ፤ ገበያ ላይ ያለ ሰውዬ በአንድ አፍታ ሠራልኝ» ብለው ሳቁበት።

ብሩክ አብዱልሐሊምን ወደ ጎን ጠራው። «ደንቡ ሽቦ ብቻ አይደለም፤ ሰውም ነው። በሚቀጥለው እንዲህ ካገኘን ክፍሉ ይዘጋል። ኦክስጅን የሚያሻው ሁሉ ወልዲያ ይሂድ ይባላል።» ወልዲያ ሩቅ አይደለም፤ ለጤነኛ ሰው። ትንፋሽ ላጠረው ግን መንገዱ ራሱ ይገድላል።

«እማ፣ ክፍሉ በእርስዎ ምድጃ ወደቀ» አላቸው።

«ክፍል በአጥሚት ይወድቃል? ጉድ በል ግራና!»

«አጥሚቱ አይደለም። ቀዩ ሶኬት የማሽን ብቻ ነው። ነጩ፣ ተራው ሶኬትም ቢሆን የምድጃ አይደለም።»

«ቀይ ቢሆን፣ አረንጓዴ ቢሆን፣ መብራት ያው መብራት ነው። ዙልፋ ብትኖር እንዲህ አትናገረኝም ነበር።»

አፉን ከፈተ። ዘጋው። ስንት ጊዜ እንዲህ ከፍቶ እንደዘጋው እሱና አላህ ያውቃሉ።

መናገር ሲያቅተው ማሳየት ይሻላል ብሎ አሰበ። አንድ ሐሙስ ጠያቂዎቹን ማሞቂያው ቤት ሰበሰበ። ሐሙስን የመረጠው እማ መሪማ የሚመጡት ቅዳሜ ስለሆነ ነው። ማሽን ትሁን ብሎ አንዲት ቬንትሌተር አስነሳ፤ በዚያው መስመር አንድ ምድጃ ሰካ። ቬንትሌተሯ ትዞራለች። ሁለተኛውን ሰካ። ቀጭ! ቬንትሌተሯ እየደከመች፣ እየደከመች ቆመች።

«አሁን መብራት ሄደ እንላለን» አለ። «እስቲ ማዶ ኮሪደሩን እዩ። አምፖሉ በርቷል። መብራት አልሄደም፤ እኛ ነን ያጠፋነው።»

ሰው ሳቀ። ከበስተኋላ የወተት ጀሪካን ወደቀ።

እማ መሪማ ነበሩ። ወተት ተርፏቸው ያለ ቀናቸው መጥተዋል።

«ያን ቀንም ቀጭ አለ» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። «ምድጃዬን ስሰካ። ከኮሪደሩ በኩል። ሰምቼዋለሁ።»

አብዱልሐሊም የነቀለውን ገመድ እንደያዘ ቀረ። እሳቸው ቅርጫታቸውን አነሱ፣ የፈሰሰውን ወተት ተራምደው ወጡ። የዚያን ቅዳሜ አልመጡም። በሚቀጥለውም አልመጡም።

ግራና ሄዶ አገኛቸው፤ ማንጎው ሥር፣ እጃቸውን እንደ ሌላ ሰው እጅ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው እያዩት።

«ለምን ዋሸኸኝ?» አሉት።

«በአንድ ቀን ሁለታችሁን መቅበር አቃተኝ፣ እማ።»

እጃቸውን ገልብጠው መዳፋቸውን አዩ።

«እርስዎ ብቻ አይደሉም» አለ። «ሌላም ምድጃ ነበር። መስመሩ አንድ ነበር። ማሽኗ አልጮኸችም። ሲሊንደሩ አልነበረም። ሁላችንም ነን።»

«ሁላችንም ካልክማ ማንም አይደለም ማለት ነው» አሉ። «ተወኝ፣ አብዱ። ልጄን በእውነቷ ላልቅሳት። እስከ ዛሬ መብራት ስረግም ነው የኖርኩት።» ከዚያ ድንገት ቀና አሉ። «ያቺስ ልጅ? ያቺ ነርስ! በሰው ፊት ምን እንዳልኳት ታስታውሳለህ?»

«አስታውሳለሁ።»

«እዚያው ነበርክ። እውነቱን እያወቅክ።»

«እዚያው ነበርኩ» አለ አብዱልሐሊም፤ ግንባሩን በሁለት እጁ ያዘ። እሳቸውን ያዳነበት ውሸት ሌላዪቱን ሲበላ ኖሯል፤ እውነቱ ከአፉ የወጣው ያን ዕለት ነው። አማትና አማች እዚያው ማንጎ ሥር እንደ አዲስ ለቅሶ ተቀመጡ። ዙልፋን፣ ከሞተች በሦስተኛው ዓመት፣ ገና ያን ቀን አብረው አለቀሷት።

ሦስተኛው ፍተሻ ሳይነገር፣ በጥየቃ ሰዓት መጣ። ብሩክ ማዶ ካለው ግድግዳ ሥር ተንበርክኮ ይለካል፤ አብዱልሐሊም አጠገቡ ቆሟል። ያን ጊዜ ኢብቲሳም የምትባል ከውርጌሳ የመጣች ሴት ከቅርጫቷ ምድጃ ስታወጣ አየ። አባቷ በማሽን ነው የሚተነፍሱት። ገመዱን ፈታች፤ እጇ ወደ ቀዩ ሶኬት ሄደ። አብዱልሐሊም በአልጋዎቹ መሃል ሊሮጥ እግሩን አነሳ። ብሩክም አይቷል፤ መሣሪያውን ዝቅ አደረገ።

ከበሩ በኩል አንድ እጅ መጥቶ የኢብቲሳምን ክንድ ያዘ። እማ መሪማ ነበሩ። ድስት ይዘዋል፤ ምድጃ አልያዙም።

«ማንን ልታጠጪ ነው፣ ልጄ?»

«አባቴን፣ እማማ። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሱም። ይልቀቁኝ እንጂ፣ ምን ሆነዋል?»

«እኔም ልጄን ላጠጣ ነበር። እዚችው አልጋ ላይ፤ በዚችው ምድጃ ብጤ። መስመሩን እኔ ሰክቼ አጠፋሁት፤ ማሽኗ ቆመች። አጥሚቴ ሳይፈላ ልጄ ቀዘቀዘችብኝ።»

አንዲት ሴት ከአልጋ ሥር የደበቀቻትን ምድጃ በቀስታ ወደ ቅርጫቷ መለሰች። ሌላዋም ተከተለች። ኢብቲሳም ገመዱን መልሳ ጠቀለለችው።

«በይ፣ እኔ አባትሽ ዘንድ ቁጭ እላለሁ» አሏት። «ሾላው ሥር ሄደሽ አሙቀሽ ነይ። ዓይኔን ከእሳቸው አልነቅልም፤ ወላሂ።»

ብሩክ ለክቶ የጨረሰውን ሶኬት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ እንደገና ለካ። ከዚያ ፈረመ።

አብዱልሐሊምን ከቦርዱ ሥር ሲያለቅስ ያገኙት እማ መሪማ ናቸው። እጁን ይዘው አስነሱትና ወደ ማሞቂያው ቤት ወሰዱት። እዚያ ካለው ምድጃ ገመዱን አቀበሉት። «ሰካልኝ» አሉ። «እጄ እንቢ አለኝ።» ሰካላቸው። አጥሚቱ እስኪፈላ ሁለቱም ምድጃውን እያዩ ቆዩ። ከእንግዲህ እማ መሪማ ሶኬት አይነኩም። ጠያቂው ግን ካሁኑ በሽተኛውን ለእሳቸው አደራ እያለ ሾላው ሥር ሄዶ ማሞቅ ጀምሯል፤ የአጥሚት ፖሊስ የሚባሉትም አሁን እሳቸው ናቸው።

ድስቱን ሲያወርዱ «ለሶስና ማን ይነግራታል?» አሉ። አብዱልሐሊም ስልኩን ሊያወጣ ሲል እጁን ያዙት። «መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ይቅርታም በስልክ አይባልም። ቅዳሜ ሁለታችንም እግሯ ሥር እንወድቃለን። ግን እኔን ድንገት ብታይ ትደነግጣለች፤ አንድ ሰው ቀድሞ ይንገርልኝ። ጥፋቱ የጄኔሬተሩ እንዳልነበረ፣ እግሯ እንዳልጎተተ፣ ክፍሉም እንዳለፈ።»

እዚያው ድስቴን ይዤ ተራ የምጠብቅ ጠያቂ ነበርኩና፣ እኔ እሄዳለሁ አልኳቸው። ይኸው መናኸሪያው ደርሻለሁ፤ የወልዲያው ሚኒባስ ሞተሩን አስነስቷል፣ ረዳቱም «አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ በሩን ይደበድባል። ያ አንድ ሰው እኔ ነኝ። ካርድ ክፍሉ ሳይዘጋ ልድረስ፤ ሶስና ገና አልሰማችም።